በፖድካስት ስለሚሰጥ የእርሻ ትምህርት ጥቅም

በጋሞ ደጋ በገረሴና በዙሪያዋ ላለ ገበሬ እንሰት ማለት ጎተራው ነው። ተክሉ ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፥ አጠውልግ የተባለው በሽታ በጓሮው የገባበት ሰው የሚያጣው የዚያን ዓመት ምርት ብቻ አይደለም። በሽታውንም ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሚያጋቡት ዋነኛው የገዛ ቢላዋው ነው፤ ስለዚህ መሣሪያውን በእሳት መለብለብ፥ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል።

ነገር ግን ለስብሰባ የሚጠራው ባልየው ሲሆን፥ እንሰቱን የምትፍቀውና ቢላዋውን የምትይዘው ሴቲቱ ናት። በሬዲዮም ቢነገር ገበያ የሄደችበት ሰዓት ከሆነ ያመልጣታል። ፖድካስት፥ ይኸውም በስልክ ተቀብለው በፈለጉት ጊዜ ደጋግመው የሚሰሙት የተቀዳ ንግግር፥ ይህን ጉድለት ይሞላል፤ ፊደል ያልቈጠረውም እጁ ሥራ ሳይፈታ ይማርበታል።

በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 ነፃ የስልክ አገልግሎት የተቀዳ የእርሻ ምክር በተራ ስልክ እያሰማ ብዙ ሚሊዮን ጥሪ መቀበሉ፥ ገበሬው በጆሮው ለመማር እንደማይሰንፍ አስረድቷል።

የኅብረት ሥራ ማኅበርም የድንች ዘሩን ዓይነት፥ ዋጋውንና የመረከቢያውን ቀን በሊቀ መንበሩ ድምፅ ቢያስቀዳ፥ አባሉ የደላላን ወሬ ከማመን ይድናል። ሆኖም የተቀዳ ዋጋ በስልክ ውስጥ ስለሚቈይ፥ ቀኑ በንግግሩ መጀመሪያ ካልተነገረ ያለፈው ሳምንት ዋጋ የዛሬ መስሎ ያሳስታል።

ንግግሩ በጋሞኛ፥ ከዐሥር ደቂቃም ያልበለጠ ይሁን። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ የልማት ሠራተኛው በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ ይውሰደው፤ ሽማግሎች ሲፈቅዱም ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በዱቡሻ ያሰማው።