የኮንጎው ረግረግ የደበቀው ካርቦን

በኮንጎ ወንዝ ተፋሰስ መሃል፣ ከሁለቱ ኮንጎዎች (ከኮንጎ ሪፐብሊክና ከዴሞክራቲክ ኮንጎ) ድንበር ግራና ቀኝ፣ ውሃ የማይለየው ሰፊ ደን አለ። የወደቀው ቅጠልና ግንድ በውሃው ምክንያት አየር ስለማያገኝ በደንብ አይበሰብስም፤ ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ ፒት የሚባል ጥቁር አፈር ሆኗል። ሳተላይት የዛፎቹን አናት እንጂ ይህን አፈር አያይም። ሰው በእግሩ መግባት ነበረበት።

የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲና የኮንጎ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ የብራዛቪል ተመራማሪዎች ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ገቡ። መሰርሰሪያውን በእጃቸው እየገፉ ጭቃው ውስጥ ይሰዳሉ፤ ናሙና ያወጣሉ፤ ዘንግ ቀጥለው እንደገና ይሰዳሉ፤ ከሥር ያለው ጠንካራ አፈር እስኪነካ ድረስ። አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ወደ 6 ሜትር ተጠጋ። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 145,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ፒት ውስጥ 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንዳለ ገመቱ። ይህ የመላው ተፋሰስ ዛፎች ከመሬት በላይ ከያዙት ጋር ይቀራረባል።

የመስክ ሥራው ግን በኮንጎ ሪፐብሊክ በኩል ብቻ ነበር። ከፒቱ ሁለት ሦስተኛውን የያዘችው የዴሞክራቲክ ኮንጎ ድርሻ የተገመተው ከሳተላይት ምስል ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የዚያው አገር የኪሳንጋኒ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። ከእነሱ አንዱ ኮርኔይ ኤዋንጎ ነው፤ በአገሩ ጦርነት ጊዜ ሌሎች ሲሸሹ በኦካፒ ጥብቅ ደን ቀርቶ የዕፅዋት ስብስቡን በመጠበቁ በ2005 የጎልድማን ሽልማት የተቀበለ የዕፅዋት ተመራማሪ። በ2022 የወጣው አዲሱ ካርታ ስፋቱን ወደ 167,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አሳደገው። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብና ላቦራቶሪ ይጠቅማል፤ ደኑን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ካልመራው ግን ካርታው ግማሹ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ፒት ከደረቀ ምን እንደሚከተል ኢንዶኔዥያ አይታዋለች። ለፓልም ዘይትና ለወረቀት ተክል በተቆፈሩ ቦዮች ውሃው ፈሰሰ፤ በ2015 የደረቀው አፈር ለወራት ነደደ። በ2018 ሁለቱ ኮንጎዎችና ኢንዶኔዥያ ፒቱን ለመጠበቅ ብራዛቪል ላይ ተፈራረሙ። ልምዱ ከተጎዳው ወደ ገና ያልተጎዳው መሻገሩ እጅግ ትክክል ነው። የኮንጎ ደን ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ለክረምታችን ዝናብ ከሚሆነው እርጥበት ከፊሉ ያንን ተፋሰስ አቋርጦ እንደሚመጣ ጥናቶች ያመለክታሉ።

በሐምሌ 2022 የዴሞክራቲክ ኮንጎ መንግሥት የነዳጅ ፍለጋ ቦታዎችን ለጨረታ አቀረበ። ካርታው ስለነበረ የትኞቹ ፒቱ ላይ እንደሚያርፉ ወዲያው መለየት ተቻለ፤ ተቃውሞውም በደፈናው ሳይሆን ቦታ እየጠቀሰ ሆነ። ጨረታው በ2024 ተሰረዘ፤ በ2025 ግን መንግሥት ሌላ ጨረታ ከፈተ፤ ከቦታዎቹም አሁንም ፒቱ ላይ የሚያርፉ አሉበት።