ሐኪሙ ይቀያየራል፣ አስታማሚው ይቆያል

ዘመዱን በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በጅማ ወይም በሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ያስተኛ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት የሚገርመው የጋውን ለባሹ ብዛት ነው። አሥር አሥራ አምስት ሰዎች አንድ አልጋ ይከባሉ። አንዱ ወጣት ቻርት ይዞ ያነባል፣ አንጋፋው በጥያቄ ያፋጥጠዋል፣ ሌሎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ንግግሩ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ፤ ታማሚና አስታማሚ «ምን አሉ?» እየተባባሉ ይቀራሉ። «በሽታው ቢከብድ ነው ይህ ሁሉ ሰው የመጣው» ብሎ የሚሰጋ አለ። «መለማመጃ አደረጉን» ብሎ የሚያዝንም አለ።

ይህ የጠዋት ጉብኝት ራውንድ ይባላል። በማስተማሪያ ሆስፒታል ሕክምናና ትምህርት በአንድ አልጋ ዳር ጎን ለጎን የሚሄዱት በዚህ ሰዓት ነው። የሚያክም ሐኪም አለ፣ የሚማር ተማሪ አለ፤ በመሐሉ ደግሞ ስሙ በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ላይ ሳይጻፍ ሌት ተቀን የሚደክም ሦስተኛ ሰው አለ፤ አስታማሚው። ይህን ቤት ለማወቅ ሦስቱንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ትምህርት ወደ አልጋ ዳር የመጣበት መንገድ

በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ሕክምና የሚጠናው በአብዛኛው ከመጽሐፍ ነበር። ተማሪው የጥንት ሊቃውንትን ጽሑፍ ሲሰማና ሲከራከር ከርሞ፣ በሽተኛ በእጁ ሳይዳስስ ሊመረቅ ይችል ነበር። የኔዘርላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ በ1636 እ.ኤ.አ. በከተማው ሆስፒታል 12 አልጋዎችን፣ ስድስቱን ለወንድ፣ ስድስቱን ለሴት ሕሙማን፣ ለትምህርት ለይቶ ተማሪዎቹን ወደ ታማሚው ያመጣ ጀመር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኸርማን ቡርሃቨ የተባለው ሐኪም እዚያው ሲያስተምር ከመላው አውሮፓ ተማሪ ይጎርፍለት ነበር።

ዛሬ እኛም የምንከተለውን ሥርዓት ቅርጽ ያስያዘው ግን በ1889 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር የተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነው። በዚያ ያስተማረው ካናዳዊው ዊሊያም ኦስለር ተማሪውን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ የዋርድ ሠራተኛ አደረገው። ተማሪው የታማሚውን ታሪክ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ይጽፋል፣ በየቀኑ ይከታተላል። የተመረቀውም ሐኪም እዚያው ሆስፒታል ውስጥ እየኖረ ለዓመታት ደረጃ በደረጃ ይሰለጥናል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1954 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከተለ፤ ዛሬ ዋና ማስተማሪያው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ጎንደር በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ተማሪውን ከሆስፒታሉ አልፎ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር እየላከ ከሕዝቡ መሐል ማስተማርን መለያው አደረገ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በኢትዮጵያ ሚሊኒየም የሕክምና ኮሌጅ ሆኗል። አሁን በየክልሉ ሐኪም የሚያሠለጥን ሆስፒታል ስላለ ብዙዎቻችን በሕይወታችን አንድ ጊዜ በማስተማሪያ ሆስፒታል ማለፋችን አይቀርም።

ከጋውኑ ሥር ማን አለ?

በአልጋው ዙሪያ የቆሙት ሁሉ እኩል ሥልጣን የላቸውም። በላይ ያለው ስፔሻሊስቱ ነው፤ በዋርዱ አጠራር ሲኒየር ይባላል። ለሕክምናው የመጨረሻው ኃላፊ እሱ ነው፤ ተማሪ የጻፈውን ያርማል፣ ውሳኔውን ያጸድቃል። ከሱ ቀጥሎ ሬዚደንቱ አለ። ይህ ሐኪምነቱን ጨርሶ፣ እንደየዘርፉ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ነው። የዋርዱን የዕለት ውሎ የሚመራውም፣ ሌሊት ሲጠሩት የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኢንተርኑ ደግሞ በመጨረሻው የሥልጠና ዓመት ላይ ያለ እጩ ሐኪም ነው። ደም የሚቀዳው፣ ትዕዛዝ የሚጽፈው፣ ውጤት የሚያሳድደው፣ በዱቲ ሌሊት ዓይኑ ቀልቶ የሚያድረው እሱ ነው። ከሥር ሲ-ዋንና ሲ-ቱ የሚባሉት የክሊኒካል ዓመት ተማሪዎች አሉ፤ ታሪክ ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ ያዳምጣሉ እንጂ መድኃኒት በራሳቸው አያዙም። የነርሲንግ፣ የአዋላጅነትና የፋርማሲ ተማሪዎችም በየፊናቸው አሉ።

ተማሪ ሲመጣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ከልጅነት ጀምሮ ይጠይቃል። ለታማሚው ይህ ያደክማል፤ ትላንት ሌላው ጠይቆት ነበርና። ነገር ግን ጥቅም አለው። ሲኒየሩ የሚያስተናግደው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ጊዜ ያለው ተማሪ ማንም ያልጠየቀውን ጠይቆ ማንም ያላየውን ሊያይ ይችላል። ያገኘውም በጠዋቱ ስብሰባ፣ ሞርኒንግ በሚሉት ላይ፣ በመምህራኑ ፊት ይፈተሻል። አንድ ውሳኔ በብዙ ዓይን መታየቱ የማስተማሪያ ሆስፒታል ትልቁ በረከት ነው።

ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ተማሪው በሳምንታት፣ ኢንተርኑና ሬዚደንቱ በወራት ከክፍል ክፍል ይዘዋወራሉ። ሁለት ወር የተኛ ታማሚ ሦስት አራት ቡድን ሊፈራረቅበት ይችላል። በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ አንድ ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ መድኃኒት ሰጥተውት ሰውነቱ ላይ ሽፍታ እንደወጣ፣ ባለፈው ሳምንት ትኩሳቱ የተነሳው ሌሊት ብቻ እንደነበር። ቻርት ሁሉን አይዝም። ሳይቀያየር ከአልጋው ራስጌ የሚከርመው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አስታማሚው ነው። የዋርዱ ሕያው ማኅደር እሱ ነው። በራውንድ ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ «አስታማሚ ውጡ!» ተብሎ ኮሪደር ላይ የሚቆመውም እሱ ነው።

ቤተሰብን ማስወጣት ምን አስተማረ?

ቤተሰብን ማራቅ በሌላ አገር ተሞክሮ ያውቃል። በ1949 እ.ኤ.አ. የለንደን ታላላቅ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተኙ ሕፃናትን ለመጠየቅ የፈቀዱት ሰዓት ዛሬ ሲነበብ ያሳዝናል። ጋይስ ሆስፒታል እሑድ ሁለት ሰዓት ብቻ ይፈቅድ ነበር። ሴንት ቶማስ በመጀመሪያው ወር ጭራሽ አይፈቅድም፤ ወላጅ ልጁን ማየት የሚችለው ማታ ተኝቶ ሳለ ነበር። የዚህ ምክንያቱ ኢንፌክሽንን መፍራትና «ወላጅ ሲሄድ ልጁ ያለቅሳል» የሚል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለው ባለሙያ በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ስትገባ የሚደርስባትን በፊልም ቀርጾ አሳየ። ዝም ያለች ልጅ ለምዳ ሳይሆን ተስፋ ቆርጣ መሆኑ ታየ። በኒውካስል ጄምስ ስፔንስ ከ1925 ጀምሮ እናቶችን ከሕፃናቱ ጋር እያስተኛ ይሠራ ስለነበር መንገዱ አዲስ አልነበረም። በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው ኮሚቴ ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት ወላጅ በማንኛውም ሰዓት እንዲገባ፣ እናትም ከልጇ ጋር እንድታድር፣ ልጆቹም ጨዋታና ትምህርት እንዲያገኙ መከረ።

በእኛ አገር ቤተሰብ ከአልጋው ርቆ አያውቅም። አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ የሚመጣው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ሆስፒታሉ የሌለውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ካስፈለገም ደም የሚተካው አስታማሚው ነው። ከባሌ ወይም ከአፋር ለመጣ ታማሚ አስተርጓሚም እሱ ነው። ይህን ሁሉ የምናየው እንደ ድህነት ምልክት ብቻ ከሆነ ግን እንሳሳታለን።

ማስረጃው ከራሳችን ሆስፒታል ወጥቷል። በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ኤድጋር ሬይ የተባለ ሐኪም የሕፃናት ማሞቂያ ቢያጥረው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማስታቀፍ ጀመረ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር ይህንኑ ዘዴ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፈትነው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ክብደት የሚያንሳቸው አራስ ሕፃናት 38 ከመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ከእናታቸው ደረት ቶሎ ከተለጠፉት የሞቱት 22.5 ከመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ የእናት ደረት ራሱ ሕክምና ነበር። ይህን የለካውም ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው።

አስታማሚውም ተማሪ ነው

እንግዲህ በዋርዱ ውስጥ ትምህርት የሚገባው ጋውን ለባሹ ብቻ አይደለም። መገላበጥ የማይችል ታማሚ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ የአልጋ ቁስል እንደሚያወጣ ለአስታማሚው ካልተነገረው ከየት ያውቃል? ኢንሱሊን የት እንደሚወጋ፣ በአፍንጫ ቱቦ እንዴት እንደሚመገብ፣ የጠጣውና የሸናው እንዴት ተለክቶ እንደሚመዘገብ፣ ቤት ከገባ በኋላ ምን ሲያይ ቶሎ መመለስ እንዳለበት፤ ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ተነግሮ፣ «እስቲ ያሳዩኝ» ተብሎ የሚረጋገጥ ነው። ለማስረዳት ከተማሪው የተሻለ ጊዜ ያለው የለም፤ ለተማሪውም ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። ነገን በጤና ጣቢያ ብቻውን የሚያሳልፈው ሐኪም ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ ማስረዳትን የሚማረው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የተባለውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ለባለቤቱ ሳይመልሱ አልጋውን ማለፍ ትምህርቱን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት ክፉ ዜና መንገር ነው። በባህላችን መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ይነገራል። ስለዚህ ቤተሰብ ሐኪሙን ለብቻው ይዞ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይላል። ይህ ከፍቅር ነው። ሆኖም ታማሚው ስለ ገዛ ሕይወቱ ሊወስን፣ ሊናዘዝ፣ ልጆቹን ሊያደራጅ ይፈልግ ይሆናል። ጥሩ መምህር ለተማሪው የሚያሳየው መንገድ አስቀድሞ ታማሚውን ራሱን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮ ይስማ?» ብሎ መጠየቅን ነው። ያኔ ቤተሰቡም ክብሩን፣ ታማሚውም መብቱን ይዞ ይቀመጣል።

መብት ካነሳን፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ሕክምና በታማሚው ፈቃድ እንዲሰጥ አዟል። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በ1981 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ያጸደቀውና ኋላ ያሻሻለው መግለጫም ታማሚ በሕክምና ትምህርት ላይ አልሳተፍም የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። ተማሪ ከመዳሰሱ በፊት ስሙንና ማንነቱን ተናግሮ ማስፈቀድ አለበት። እንቢ ያለ ሕክምናው አይጓደልበትም።

የተኛው ልጅ ደብተር

አንድ ትምህርት ግን በብዙ ዋርድ ተረስቷል፤ የታመመው ልጅ የራሱ ትምህርት። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ ሕክምናው ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ከገጠር ሪፈር ተብሎ የመጣ ሲሆን ትምህርቱ ያን ጊዜ ሁሉ ይቋረጣል፤ ድኖ ሲመለስ እኩዮቹ ጥለውት ሄደዋል። የአውሮፓ ማኅበራት በ1988 በዚያችው በላይደን ተሰብስበው ያጸደቁት የተኙ ሕፃናት ቻርተር ወላጅ ሁልጊዜ ከልጁ ጋር እንዲሆን፣ ልጁም እንደ ዕድሜው እንዲጫወትና እንዲማር ይላል። በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ውስጥ ሙሉ ትምህርት ቤት አለ። የእኛ ሆስፒታሎች አብዛኞቹ በዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንንም ያሠለጥናሉ። የመምህርነት እጩዎች የልምምድ ሰዓታቸውን ከፊሉን በሕፃናት ዋርድ ቢያሳልፉ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳና ፈቃደኝነት ነው።

ዘመድዎን ሲያስተኙ

አንድ ደብተር ይያዙ። የመድኃኒቱን ስም፣ የተሰጠበትን ሰዓት፣ ያዩትን ለውጥ ይጻፉ፤ ቡድኑ ሲቀየር ለአዲሱ ያሳዩ። «ኃላፊው ሲኒየር ማን ናቸው? ዛሬ ምን ይደረግለታል? የምንጠብቀው ምን ውጤት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም መልሰው ነግረው ያረጋግጡ። ተራ ይዘው ያስታምሙ፤ ያላረፈ አስታማሚ ይሳሳታል፣ ይታመማልም። እጅዎን ይታጠቡ፤ የሳንባ ነቀርሳ ባለበት ክፍል ማስክ ያድርጉ፤ ሕፃን ይዘው አይግቡ። ተማሪ ሲጠይቅዎ ታግሰው ይመልሱ፤ ከዓመታት በኋላ የእርስዎን ልጅ የሚያክመው እሱ ሊሆን ይችላል።

ለሆስፒታሎቹ ኃላፊዎችና ለመምህራኑ ደግሞ የምንለው ይህ ነው። ለአስታማሚው ማረፊያና መጸዳጃ አዘጋጁለት፤ በራውንድ ላይ የሌላው ታማሚ ምስጢር ተጠብቆ ከራሱ ሰው አልጋ አጠገብ ይቁም፤ ያየውንም ይናገር። የሠለጠነ አስታማሚ ያለው ዋርድ ታማሚውንም፣ ተማሪውንም፣ ሐኪሙንም ይጠቅማል።