ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ የሚገኝ ቀለም፦ የፕሮስቴት ሜላኒን ከየት ይመጣል?

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ የጽሑፍ ቅጂ)



ፕሮስቴት በወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ፣ የሽንት ቱቦን የከበበ፣ በጤነኛ ጎልማሳ 20 ግራም ያህል የሚመዝን ዕጢ ነው። ሜላኒን ደግሞ ቆዳን፣ ጠጉርንና ዓይንን የሚያቀልም ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን ፈጽሞ በማይደርስበት ዕጢ ውስጥ ይህ ቀለም አልፎ አልፎ ለምን ይታያል? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ሥር የታየን ቡናማ ቅንጣት በትክክል መለየት አንድን ሰው ከአላስፈላጊ ሕክምና ሊያድነው ይችላል።

አስቀድመን ሜላኒን እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሜላኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ታይሮሲኔዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሜላኒን ይለውጡታል። ሥራው የሚከናወነው ሜላኖሶም በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ሲሆን፣ እነዚህም በአራት ደረጃዎች አልፈው ይበስላሉ። የበሰሉት ሜላኖሶሞች በሜላኖሳይቱ ቅርንጫፎች በኩል ለጎረቤት ሕዋሳት ይተላለፋሉ። ስለዚህ ቀለም የታየበት ሕዋስ ሁሉ ቀለሙን የሠራ አይደለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ሜላኖሳይቶች ራሳቸው ከወዴት መጡ? ቪልሄልም ሂስ የተባለው የፅንስ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868፣ ዛሬ ኒውራል ክሬስት የምንላቸውን ሕዋሳት በዶሮ ፅንስ ላይ አስተዋለ። እነዚህ ሕዋሳት አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከሚያስገኘው የነርቭ ቱቦ ጀርባ ተነሥተው በፅንሱ አካል ውስጥ ይሰደዳሉ። ሜላኖሳይት የሚሆኑት ወደ ቆዳ ብቻ አይሄዱም፤ በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮና በአንጎል ሽፋንም ይሰፍራሉ። እንግዲህ ሜላኖሳይት የፀሐይ ፍጡር አይደለም፤ የጉዞ ፍጡር ነው። በ2009 የታተመ ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሜላኖሳይቶች ነርቮችን ተከትለው ከሚጓዙ የሽዋን ሕዋሳት ቅድመ ወላጆች እንደሚገኙ አሳይቷል። ፕሮስቴት በነርቭ የበለጸገ በመሆኑ መንገደኞቹ በዚህ በኩል ደርሰው ይሆናል የሚለው መላምት ምክንያታዊ ነው፤ መላምት መሆኑን ግን አንርሳ።

በፕሮስቴት ውስጥ ሜላኒን በሁለት መልክ ይታያል። የመጀመሪያው «ሰማያዊ ኔቨስ» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ የሚገኘው በደጋፊው ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ባሉ ቀጫጭንና ቅርንጫፋም ሕዋሳት ነው። ሁለተኛው «ሜላኖሲስ» ሲሆን፣ ቀለሙ በዕጢው ሽፋን ሕዋሳትም ውስጥ ይታያል። የሽፋኑ ሕዋሳት የሚመነጩት ከኒውራል ክሬስት ሳይሆን ከሌላ የፅንስ ንጣፍ ነው፤ ታዲያ ቀለሙን ራሳቸው ሠርተውት ነውን? መልሱን የሰጠው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በደጋፊው ኅብረ ሕዋስ ሕዋሳት ውስጥ ያልበሰሉም የበሰሉም ሜላኖሶሞች ሲገኙ፣ በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥ የታዩት የበሰሉት ብቻ ናቸው። ፋብሪካው ካለበት ስፍራ ጅምር ሥራ ይገኛል፤ ገዢው ቤት የሚገኘው ያለቀለት ዕቃ ነው። በቆዳ የምናውቀው ርክክብ በፕሮስቴትም ይፈጸማል ማለት ነው።

ሆኖም ቡናማ ሁሉ ሜላኒን አይደለም። በፕሮስቴት ውስጥ እጅግ በብዛት የሚገኘው ሊፖፈስሲን የተባለ፣ ሕዋሳት በዕድሜ ብዛት የሚያከማቹት ዝቃጭ ነው። ደም ከፈሰሰም በኋላ ብረት ያዘለ ቀለም ይቀራል። ብረቱን ፐርልስ በ1867 ያስተዋወቀው ዘዴ ሰማያዊ አድርጎ ያጋልጠዋል። የብር ማቅለሚያ ሜላኒንን ያጠቁራል፤ ይሁንና ሊፖፈስሲንንም ሊያጠቁር ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሲታጠብ ሜላኒኑ ይነጣል፤ ሊፖፈስሲኑ ግን ይቋቋማል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ከአጠገቡ ካለው የዘር ፈሳሽ ከረጢት የመጡ ሕዋሳት ይቀላቀላሉ። ኒውክለሳቸው ትልቅና ቅርጸ ብልሹ ስለሆነ ካንሰር ሊመስሉ ይችላሉ። በውስጣቸው የሚታየው ወርቃማ ቡናማ ሊፖፈስሲን ፓቶሎጂስቱን «ቆም በል» ይለዋል። ቢሆንም ሊፖፈስሲን በፕሮስቴቱ ጤነኛ ሕዋሳትም በካንሰሩም ሊገኝ ስለሚችል ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። በሌላ በኩል ሜላኒን የያዘ ሕዋስ ማየት ሜላኖማ ማየት አይደለም። በፕሮስቴት የሚነሣ ሜላኖማ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሰማያዊ ኔቨስና ሜላኖሲስ ግን ጉዳት የለሽ ናቸው። ልዩነቱን የሚነግረን የቀለሙ መኖር ሳይሆን የሕዋሳቱ ቅርጽና የመከፋፈል ፍጥነት ነው።

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ጥያቄም ልመልስ፤ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ብዙ ሜላኖሳይት አለው ማለት ነውን? አይደለም። በአንድ የቆዳ ክፍል ያለው የሜላኖሳይት ቁጥር በሰው ልጆች ሁሉ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሜላኖሶሞቹ መጠን፣ ብዛትና አደራደር ነው።

በምርመራ ውጤታችሁ ላይ «ሜላኖሲስ» የሚል ቃል ብታነቡ አትደንግጡ፤ ቃሉ በራሱ ሕክምና አይጠይቅም። ነገር ግን ካንሰር አለመኖሩንም አይመሰክርም፤ በአንድ ዕጢ ውስጥ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉና። ስለዚህ የቀረውን የሪፖርቱን ክፍል ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።