ዕቁቡን ለባክቴሪያ?

«ጋሼ፣ ዕቁብ ደርሶኛል። ብሩን ለባክቴሪያ ላውለው ነው» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ወላይታ ሶዶ ላይ ቡና እየጠጣን ነው፤ የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ከፊታችን ተገትሯል። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ እሱም እንዳልጠቅስ አስምሎኛል። ፊቱን ሳየው ግን ሳቄን ዋጥኩት። የምሩን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ ቦሎሶ ሶሬ ውስጥ በቁራሽ መሬት የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከእንሰቱ ቀጥሎ ያላቸው ስኳር ድንች ነው። እናንተ የከተማ ልጆች ስኳር ድንችን ቀቅላችሁ ለመክሰስ የምትበሉት ይመስላችሁ ይሆናል። ወላይታ ውስጥ ግን በቆሎው ሳይደርስ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ቤተሰቡን የሚያሻግረው እሱ ነው። እሱ የከዳ ዓመት ልጆች ጾማቸውን ያድራሉ።

የእናትየው ስኳር ድንች ቅጠሉ ተጨማድዷል፣ ጠቧል፣ ገርጥቷል። ሐረጉ መሬቱን መሸፈን አቅቶታል። ቢቆፍሩት የጣት ውፍረት ያላት ሥር ነው የምትወጣው። ታዲያ አንድ ነጋዴ ይመጣና «ይሄ ቫይረስ ነው። ይህን ባክቴሪያ አድርጉበት፣ በሁለት ሳምንት ይድናል» ይላቸዋል። እናትየው «ደግሞ ባክቴሪያ? እንሰቴን የጨረሰብኝ እሱ አይደለም ወይ?» አሉ አሉ።

እውነታቸውን ነው። የእንሰት አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ አገራችን ውስጥ ተለይቶ በሳይንስ የተመዘገበውም በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ሰው ሁሉ ሌባ እንዳልሆነ ሁሉ ባክቴሪያም ሁሉ ገዳይ አይደለም።

ነጋዴው «ቫይረስ ነው» ማለቱ ልክ ሳይሆን አይቀርም። በደቡብ ኢትዮጵያ ስኳር ድንችን የሚያጠቁ ሁለት የታወቁ ቫይረሶች አሉ። አንደኛውን ክሽክሽ፣ ሁለተኛውን ነጭ ዝንብ ያዛምተዋል። ክሽክሽ የሚያመጣው ብቻውን ሲሆን ምልክቱ እምብዛም አይታይም። ሁለቱ አንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው ጉዱ፤ ምርቱ ከግማሽ በላይ ሊጠፋ ይችላል። ደግሞ ስኳር ድንች የሚተከለው በዘር ሳይሆን በሐረጉ ቁራጭ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሐረግ ሲሰጥ ቫይረሱንም አብሮ ይመርቃል ማለት ነው።

«ይድናል» ያለው ግን ውሸት ነው! ቫይረስ አንዴ የገባበትን ተክል ማሳ ላይ የሚፈውስ መድኃኒት የለም፤ ባክቴሪያም አይፈውሰውም።

ታዲያ ባክቴሪያው ዝም ብሎ ወሬ ነው? አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አላባማ በሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኪያርና ቲማቲምን ከሥር ዙሪያ ከሚኖሩ ጥሩ ባክቴሪያዎች ጋር አላምደው አሳደጉ። ከዚያ የኪያር ሞዛይክ የተባለውን ቫይረስ ለቀቁባቸው። ባክቴሪያ ያገኙት ተክሎች ካላገኙት ይልቅ በሽታው ቀለል አለላቸው። ባክቴሪያው ቫይረሱን አይነካውም፤ እሱ ሥር ላይ ነው ያለው። የሚያደርገው ተክሉን መቀስቀስ ነው። የሰፈር ዘበኛ ፊሽካ ሲነፋ ቤተሰቡ በሩን እንደሚፈትሸው፣ ተክሉም የራሱን መከላከያ አሰናድቶ ይጠብቃል። ቫይረሱ ሲመጣ ቶሎ ይመልሳል።

ልብ በሉ፤ ፊሽካው የሚጠቅመው ሌባው ሳይገባ ነው። ማሳ ላይ ሲሞከር ደግሞ አንድ ዓመት ሠርቶ በሚቀጥለው እምቢ ያለበት ጊዜ አለ። ዝናቡ፣ አፈሩ፣ የነፍሳቱ ብዛት፣ ሁሉም ይወስነዋል።

«እስቲ ዕቃውን አሳየኝ» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከፈተልኝ። ጥቁር ዱቄት ያለበት እሽግ ነው። ጽሑፉን አብረን አነበብነው። ለባቄላ ይላል! ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ባቄላን የሚመግብ ባክቴሪያ ነው። በሥራው ጎበዝ ነው፣ ገበሬዎቻችንም ይጠቀሙበታል። ስለ ቫይረስም ሆነ ስለ ስኳር ድንች ግን አንዲት ቃል የለችበትም። ልጁ ስልኩን ደፍቶ ዝም አለ።

የመከርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እናት ገጠር ያላችሁ ብዙ ናችሁና። የታመመው ተነቅሎ ከማሳው ይራቅ። አዲሱ ሐረግ ከንጹሕ ቦታ ይምጣ፤ የወረዳውን ግብርና ባለሙያ ወይም አረካና ሐዋሳ ያሉትን የግብርና ምርምር ማዕከላት መጠየቅ ነው። የሚተከለውም ከአሮጌው ማሳ ራቅ ብሎ ይሁን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ባክቴሪያ ልሞክር የሚል ካለ፣ እሽጉ ላይ ለየትኛው ሰብል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ያንብብ። ሕይወት ያለው ነገር ነውና ፀሐይ ላይ የዋለውን አይግዛ። በአንድ መስመር ብቻ ይሞክረው።

ልጁ ዕቁቡን አልበተነውም። ቅዳሜ ቦሎሶ ሶሬ ወርዶ ከእናቱ ጋር ሲነቅሉ ዋሉ። እናትየው መሐል ላይ ቆም ብለው የያዙትን ሐረግ አዩትና «ይሄን እኮ የሰጠችኝ እህቴ ናት» አሉ። እሱም መልስ አልነበረው። ተቀብሏቸው ከክምሩ ላይ ጣለው።