ቁስለኛ የሚያክም ጉንዳን

የምስጥ ቀንደኛ ጠላት ጉንዳን ነው። ምስጥ ምግብ ፍለጋ ሲወጣ በአፈር ሽፋን ተከልሎ የሚሄደው አንድም ከድርቀት፣ አንድም ከዚሁ ጠላቱ ለመዳን ነው።

ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል ምስጥ ብቻ እያደነ የሚኖር፣ ማታቤሌ የሚባል ጥቁር ጉንዳን አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሜጋፖኔራ አናሊስ ነው። ቃኚዋ ምስጦች የሚመገቡበትን ቦታ ስታገኝ ወደ ጎሬዋ ተመልሳ ከ200 እስከ 600 የሚሆኑ ጓዶቿን አስከትላ ትወጣለች። ሲደርሱ ትልልቆቹ የአፈሩን ሽፋን ይሰብራሉ፤ ትንንሾቹ በቀዳዳው ገብተው ምስጦቹን እየገደሉ ያወጣሉ። ከዚያ ትልልቆቹ ሬሳውን በመንጋጋቸው አጭቀው ጉዞ ወደ ጎሬ ይሆናል።

ምስጥም እጁን አጣጥፎ አይሞትም። ወታደሮቹ የጉንዳን እግር የሚቆርጥ መንጋጋ አላቸው። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ተመራማሪው ኤሪክ ፍራንክና ባልደረቦቹ በአይቮሪ ኮስት ኮሞዬ ብሔራዊ ፓርክ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳተሙት፣ የቆሰለች ጉንዳን ከመንጋጋዋ ዕጢ ሽታ ትለቃለች፤ ጓዶቿም ተሸክመዋት ይመለሳሉ። አምስት እግር ያጣችው ግን ሊያነሷት ሲሞክሩ ስለምትፈራገጥ እዚያው ትቀራለች።

ጎሬ ውስጥ ቁስሏን ደጋግመው ይልሱላታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጥናት፣ ይህን ከተነፈጉት ቁስለኞች 80 በመቶዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ሞተዋል፤ ከታከሙት የሞቱት 10 በመቶ ያህል ናቸው። በ2023 ደግሞ ያመረቀዘውን ቁስል ከጤነኛው እንደሚለዩ ታወቀ። ቁስሉ ሲመረዝ የገላዋ የቅባት ሽፋን ይለወጣል፤ ይህን ሲያውቁ በደረት ጎን ካለ ዕጢ ባክቴሪያ የሚገድል ፈሳሽ ወስደው ይቀቧታል። መድኃኒቱን ለሚያስፈልገው ቁስል ለይተው መስጠታቸው ነው ትልቁ ነገር።

ይህ ሁሉ ድካም ትርፍ አለው። በማታቤሌ ጎሬ በየቀኑ የሚፈለፈሉት ጥቂት ስለሆኑ የአንዷ መትረፍ ይቆጠራል፤ በ2017ቱ ጥናት ስሌት ቁስለኛን ማንሣት የጎሬውን ሕዝብ ወደ 29 በመቶ ገደማ ያበዛዋል።

ያም ሆኖ ማታቤሌ ምስጥን አያጠፋም። የሚዘምተው ምስጦቹ በሚመገቡበት ቦታ እንጂ ንግሥቲቱ በምትኖርበት ኩይሳ ላይ አይደለም፤ እሷ እስካለች ደግሞ የተገደለው ይተካል። ምስጥ ያስመረራቸው የወለጋ ገበሬዎች ኩይሳ ቆፍረው ንግሥቲቱን የሚያወጡት ለዚህ ነው።