ስካውት መግባት ስንት ያወጣል? ከመፈረማችሁ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ ገብቷል እንበል። ስካውት ቡድን ሊቋቋም ስለሆነ መግባት የሚፈልግ ወላጁን አስፈርሞ ይምጣ ይላል። ከሥር የመመዝገቢያው ዋጋ ተጽፏል። ያን ያህል አያስደነግጥም። ትፈርማላችሁ፤ ልጁም ደስ ብሎት ይሮጣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የደንብ ልብስ ይመጣል። ቀጥሎ ጫማ፣ ቀጥሎ ባጅ፣ ቀጥሎ የወር መዋጮ ይመጣል። በመጨረሻ ደግሞ «ሁሉም ይሄዳሉ» የተባለለት የካምፕ ጉዞ አለ። በዚህ ጊዜ እምቢ ማለት ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይከብዳል። አሁን የምትከለክሉት ምዝገባ አይደለም፤ ጓደኞቹን ነው።

ይህን የምንለው ልጆቻችሁን ከስካውት እንድታርቁ አይደለም። ስካውት ልጅን ከስክሪን ያላቅቀዋል። ገመድ ማሰር፣ እሳት ማንደድ፣ ለራሱ ማብሰል፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠትና ከእኩዮቹ ጋር ተራ ጠብቆ መሥራት ያስተምረዋል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተማሪ የነበሩ አባቶች «ቦይ ስካውት» ሲባል ቁምጣውንና ሰልፉን ያስታውሳሉ። በደርግ ጊዜ ተቋርጦ ከዚያ በኋላ እንደገና የተነሣው የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 የዓለም ስካውት ድርጅት አባልነቱን መልሶ አግኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ይጠቅማል ወይ?» አይደለም። ስንት ያወጣል? የማይችለው ቤተሰብ ልጅስ ምን ይሆናል? ነው።

ገንዘቡ የሚወጣባቸው አምስት በሮች

ወረቀት አውጡና አምስት መስመር ጻፉ።

አንደኛው የመመዝገቢያና የዓመት መዋጮ ነው። ሁሉም ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ የሚያንሰው እሱ ነው።

ሁለተኛው የደንብ ልብስ ነው፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ ወይም ቀሚስ፣ የአንገት ሻርፕ፣ ኮፍያና ባጅ። ልጅ እንደሚያድግ አትርሱ። ዘንድሮ የተሰፋው ለከርሞ ላይሆነው ይችላል።

ሦስተኛው ዕቃ ነው፤ የውሃ መያዣ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቦርሳ፣ ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ።

አራተኛው ጉዞና ካምፕ ነው፤ የመኪና ኪራይ፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ የመግቢያ ክፍያ። ኪስ በአንድ ጊዜ የሚራገፈው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው በወረቀት ላይ የማይጻፈው ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን የሚያደርሰው ማን ነው? ሱቅ የምትጠብቅ እናት ለወላጆች ስብሰባ ስትሄድ ሱቁ ይዘጋል። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የገበሬ ልጅ ከእጅ የሚቆጠር አጋዥ ነው።

አምስቱን መስመሮች ለአንድ ዓመት ደምሩ። በድምሩ ላይ ተስማምታችሁ ከፈረማችሁ በኋላ የሚመጣው አያስደነግጣችሁም።

አንድ ፓውንድና ሦስት ሺሊንግ ተኩል

የመጀመሪያው የስካውት ካምፕ የተካሄደው በፈረንጆች አቆጣጠር በነሐሴ 1907 በእንግሊዝ አገር ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ ነው። ያዘጋጀው የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል ነበር። የተሳተፉት ልጆች ወደ 20 ይጠጋሉ። ግማሾቹ እንደ ኢተንና ሃሮው ባሉ ውድ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የባለጸጋ ልጆች ሲሆኑ፣ የቀሩት ቦርንመዝና ፑል ከሚባሉ ከተሞች የመጡ የሠርቶ አደር ልጆች ናቸው።

ክፍያው አንድ ዓይነት አልነበረም። የባለጸጎቹ ልጆች 1 ፓውንድ ከፈሉ፤ የሌሎቹ ደግሞ 3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ። በጊዜው አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ስለነበር የአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች ክፍያ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነበር ማለት ነው። ልጆቹ ግን በአራት ቡድን ተደባልቀው በአንድ ድንኳን አደሩ፤ ያንኑ ምግብም በሉ። መለያቸው ደንብ ልብስ ሳይሆን ሻርፕ፣ ባጅና የየቡድኑ ቀለም ያለው ጨርቅ ነበር። ካምፑ ሲያልቅ ሒሳቡ 24 ፓውንድ ገደማ ጎደለ። ጉድለቱን የሸፈነው ሁለት ልጆቹን የላከ አንድ አባት ነው።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው የስካውት ሕግ ዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ ስካውት ቆጣቢ ነው ይላል። የሚቆጥበውም በችግር ጊዜ ለሌላ ሰው ሸክም እንዳይሆንና ለተቸገረ የሚሰጠው እንዲኖረው ነው። ውድ ዕቃ ያልገዛ ቡድን ስካውትነቱ አይጎድልም ማለት ነው።

በዋጫ ጉዳዩ ለምን ይለያል?

ዋጫ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቦንጋ ተነስታችሁ የውሽውሽን የሻይ ማሳ አልፋችሁ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ልጆችን አስቀድሞ ይለያቸዋል፤ ውድ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አጠገቡ የሚቀመጠው የሚመስለው ልጅ ነው። እንደ ዋጫ ባለች ከተማ ግን የመምህሩ፣ የጤና መኮንኑ፣ የቡና ነጋዴው፣ የገበሬውና ሻይ የምትሸጠዋ እናት ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የቡድኑ ዋጋ ያለ ሐሳብ ከተቆረጠ ግን አብረው ያደጉትን ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለያቸው ስካውት ይሆናል።

ዋጋውን የሚቆርጠው ደግሞ የሚችለው ነው። በስብሰባ ላይ «ልብሱ ከአዲስ አበባ ይምጣ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ሁለት ወላጆች ይደግፋሉ፤ የሌላቸው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው እንደ ስምምነት ይቆጠራል። በማግስቱ ልጃቸው «እኔ ስካውት አልወድም» ይላል። የአባቱን ኪስ የሚያውቅ ልጅ እንዲህ ነው የሚያወራው። ስለዚህ እናንተ የምትችሉ ከሆነ ከ«እኔ እከፍላለሁ ወይ?» ይልቅ «ከልጄ ጋር የሚቀመጠው ልጅ ይከፍላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወቅቱም ይወስናል። መስከረም ለካፋ ቤተሰብ የወጪ ወር ነው። እንቁጣጣሽ፣ የካፊቾ ዘመን መለወጫ ማሽቃሮ፣ መስቀል፣ ደብተርና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሁሉ በአንድ ወር ይገናኛሉ። በዚህ ወር ክፍያ የሚጠይቅ ቡድን ግማሹን ልጅ ከደጅ ይመልሳል። ቡናው ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ ግን በብዙ ቤት ጥሬ ገንዘብ ይገባል። ዝናብ የሚበዛባት ካፋ በአንጻሩ ደረቅ የምትሆነውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የግማሽ ዓመት ዕረፍትም እዚያው ገደማ ነው። ክፍያውም ካምፑም ወደዚያ ቢገፋ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ የመግዛቱ ግዴታ ጭምር ይቀንሳል።

ሳይከፈል የሚገኘው

የአዲስ አበባ ቡድን ልጆቹን ደን ለማሳየት አውቶቡስ ይከራያል። የዋጫና የቦንጋ ልጆች ደኑ ጎረቤታቸው ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል፤ የዱር ቡና ዛሬም በጥላው ሥር ይበቅላል። ለቦንጋ ልጆች ብሔራዊ የቡና ሙዚየምና የባርታ ፏፏቴ ቅርብ ናቸው።  ደኑ ጥብቅ የሆኑ ክፍሎች ስላሉት ከመግባት በፊት የአካባቢውን ጽሕፈት ቤት ማስፈቀድና መንገድ የሚያውቅ ሰው መያዝ ግድ ነው። በእግር የሚደረስበትን ቦታ መምረጥ ግን ከአራተኛው መስመር የመኪናውን ኪራይ ይሰርዛል።

የመጀመሪያው ካምፕ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሁን። አንድ ሌሊት፣ አንድ እሳት፣ ዝናብ ከመጣ መጠለያ የሚሆን ክፍል። ድንኳን አያስፈልግም፤ የፈራ ትንሽ ልጅ ካለም ቤቱ ቅርብ ነው።

ምግቡ ከየቤቱ ይምጣ። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቤት ቆጮ፣ ድንች፣ ጎመን ወይም ማር ሊኖረው ይችላል። ይህ በመዝገብ ላይ እንደ ክፍያ ይቆጠር እንጂ እንደ ስጦታ አይታይ። ልጁ «አባቴ ከፍሏል» ብሎ ቀና ማለት አለበት።

ለልብሱ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ላይ ሻርፕ መጨመር ይበቃል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጨርቅ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲቆረጥ ሁለት ሻርፕ ይወጣዋል። ጣቃውን በጋራ ገዝቶ ለከተማው ልብስ ሰፊ መስጠት ነው። ለትልልቆቹ የጠበበ ልብስ ለታናናሾቹ የሚተላለፍበት ሣጥንም ይኑር።

ቀሪውን እንዴት እንካፈለው?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው እንደ አቅም መክፈል ነው። 30 ልጆች ያሉት ቡድን ለአንድ ልጅ በዓመት 1,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል፤ ጠቅላላው 30,000 ብር ነው። አሥር ቤተሰቦች 1,500፣ አሥሩ 1,000፣ አሥሩ 500 ብር ቢከፍሉ ድምሩ ያው 30,000 ይሆናል። ማን ስንት እንደከፈለ የሚያውቀው ግን ሁሉም የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ክፍያውም በታሸገ ፖስታ ይግባ። ችግረኛ ልጆችን አሰልፎ፣ ደብተር አስይዞ ፎቶ ማንሳት የለመድነው ነገር ነው። ልጁ ደብተሩን ይረሳዋል፤ ሰልፉን ግን አይረሳውም።

ሁለተኛው የምናውቀው እቁብ ነው። አሥር ቤተሰቦች በየሳምንቱ 100 ብር ቢጥሉ 1,000 ብር ይሞላል። በእያንዳንዱ ሳምንት የአንድ ልጅ ልብስና ዕቃ ይገዛል። በአሥረኛው ሳምንት አሥሩም ለብሰዋል። ልብሱ ግን የመጨረሻው ልጅ እስኪደርሰው ይቀመጥና ሁሉም በአንድ ቀን ይልበሱት።

ሦስተኛው ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው ማግኘታቸው ነው። የአሜሪካ ሴት ስካውቶች ከ1917 ጀምሮ ብስኩት እየሸጡ የቡድናቸውን ወጪ ይደግፋሉ። የእንግሊዝ ስካውቶችም በ1949 ቤት ለቤት እየዞሩ ትንንሽ ሥራ ሠርተው አንድ አንድ ሺሊንግ የሚቀበሉበትን ሳምንት ጀምረው ነበር። በዋጫ የቡናና የአቮካዶ ችግኝ አፍልቶ ለተከላ ወቅት መሸጥ ይቻላል። ሦስት ነገር ይጠበቅ፤ ልጅ ብቻውን አይላክ፣ ለማንም ልጅ «ይህን ያህል ብር አምጣ» አይባል፣ ገቢና ወጪው በልጆቹ ፊት ይነበብ። ይህ ከገንዘቡ በላይ የሒሳብ ትምህርት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ስንት ነው? በጽሑፍ ይሰጠን። ከዝርዝሩ ውስጥ ግዴታ የሆነው የትኛው ነው? የትኛውስ በምርጫ ነው? ልጁ መሐል ላይ ቢያቋርጥ ልብሱን ማን ይረከባል? ገንዘቡ በማን ስም ይቀመጣል? ስንት ሰው ፈርሞ ያወጣዋል? ቡድኑ በኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር የታወቀ ነው ወይ? መሪዎቹ ሥልጠና አግኝተዋል? ሴት ልጆች በሚያድሩበት ካምፕ ሴት መሪ ታድራለች? የታመመ ልጅ ቢኖር በምን ትራንስፖርት፣ ወደየትኛው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል? እነዚህን በግልጽ የሚመልስ ቡድን ዋጋው ትንሽ ቢወደድ እንኳ ይሻላል። በርካሽ ተጀምሮ በየወሩ አዲስ ወረቀት የሚልክ ቡድን ግን በመጨረሻ ውድ ነው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ግን ለስብሰባው አቆዩት፤ «መክፈል የማይችል ቤተሰብ ልጅ እንዴት ይገባል?» ይህን ጥያቄ የማይችለው ወላጅ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም። ሌላ ሰው እስኪያነሳው አትጠብቁ፤ የምትችሉት እናንተ ጠይቁት።