የገና ብስኩት በጾም ዋዜማ



በከተማ ቤቶች የገና ዝግጅት ከድፎው ዳቦና ከዶሮ ወጡ ጎን አንድ እንግዳ መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ይኸውም በቤት ተጋግሮ በቀለጠ ቸኮላት የሚያጌጥ ብስኩት ነው። «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚሉ እናቶች አይጠፉም። እኛ ግን በውድ ዋጋ ከሚገዛው ኬክ ይልቅ ልጆች በእጃቸው የሠሩትን እንመርጣለን። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ብስኩቱ የሚሠራው በዋዜማው፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው።

እንደሚታወቀው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ የሚፈታው በልደት ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ነው። ወተት ያለበት ቸኮላት የፍስክ ምግብ በመሆኑ ማንኪያውን መላስ እንኳ ጾምን መሻር ይሆናል። ከካካዎና ከስኳር ብቻ የተሠራው ጥቁር ቸኮላት ግን የጾም ነው። ሆኖም በጥቁሩም ወተት የሚጨምሩ ፋብሪካዎች ስላሉ መጠቅለያውን ማንበብ ያሻል።

ቸኮላትና ጾም ሲያከራክሩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። አንቶንዮ ዴ ሊዮን ፒኔሎ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1636 በማድሪድ ከተማ ቸኮላት ጾም ይሽራል ወይስ አይሽርም በሚለው ጥያቄ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ዘመን ቸኮላት የሚጠጣ ነበርና ክርክሩ ከመብል ይቆጠር ወይስ ከመጠጥ የሚል ነበር። በእኛ ሥርዓት ግን እስከ ሰዓቱ ድረስ ውኃም ስለማይቀመስ እንዲህ ያለው ክርክር ቦታ የለውም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ቸኮላት እሳት አይወድም፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይገባውም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ይህም ይበዛበታል። ስለዚህ ውኃውን አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ የተከተፈውን ቸኮላት በጎድጓዳ ሳህን አድርጎ ሳህኑ ውኃውን ሳይነካ ድስቱ አፍ ላይ ማስቀመጥና በደረቅ ማንኪያ በቀስታ ማማሰል ነው። ለብ ሲል በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ተጨምሮ የከረጢቱ ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጥና በቀዘቀዘው ብስኩት ላይ ይሣልበታል። ኮከብ፣ በግ፣ የእረኛ በትር ያምራል። መስቀል መሣሉን ግን አንደግፍም፤ ፍርፋሪው ከእግር ሥር ይወድቃልና። የቀረውን የታኅሣሥ ብርድ ያለ ማቀዝቀዣ ያደርቀዋል።

ባለፈው ዓመት ዋዜማ በቤታችን የስምንት ዓመቷ ልጃችን ከረጢቱን ስትሞላ ጣቷ በቸኮላት ተነከረ። በዚያ ሌሊት ትቆርብ ነበር። ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች፤ ወዲያው አስታውሳ ልትታጠብ ሮጠች። ስትመለስ ከእርጥብ እጇ ጥቂት ጠብታ ከሳህኑ ገባ። ቸኮላት ጠብታ ውኃ ሲነካው ይጓጉላልና እንደ እርጥብ አሸዋ ሆነ።

«አባዬ፣ ሳልልሰው ተበላሸ!» ብላ አለቀሰች።

እናቷ ጥቂት ጥቂት የፈላ ውኃ እየጨመረች ስታማስለው ለሰለሰ፤ ነገር ግን እንደ ወጥ ቀጥኖ የሚደርቅ አልሆነም። ኮከቡም በጉም ቀረ፤ በብስኩቶቹ ላይ እንዲሁ ፈሰሰ። ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ሳህኑ ተከድኖ ቆይቶ ነበርና ማንኪያውን ለመላስ የመጀመሪያዋ እርሷ ሆነች።